ሊቀመንበሩን ትመርጣላችሁ፤ ማኅተሙስ በማን ኪስ ይገባል?

(የዝግጅት ክፍሉ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች የቀረበው፣ ለጠቅላላ ጉባኤ በመዘጋጀት ላይ ያለ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የዞን ተጠሪዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ባወያየበት ወቅት የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያሳለፉ ጡረተኛ ሲሆኑ ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀውናል። ንግግሩን እንደተነገረ አቅርበነዋል።)



የተሰጠኝ ርእስ «የፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሚና» የሚል ነው። ደረቅ ርእስ ነው። ሰብሳቢው ሲነግሩኝ «ይህን ለመስማትማ ማን ይመጣል?» ብያቸው ነበር፤ ይኸው መጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ጉባኤያችሁ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ የሚወራው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊቀመንበር ማን ይሁን? እገሌ ይሁን፣ የለም እገሌማ ድምፁ ደካማ ነው፣ እገሌ ለሚዲያ ያምራል፣ እገሌ ውጭ አገር ሰው ያውቃል… እሺ፣ ዋና ጸሐፊስ? ብዬ የጠየቅኋቸው ሁሉ የሰጡኝ መልስ ተመሳሳይ ነው። «እሱማ ቀላል ነው፤ ለሊቀመንበርነት ተወዳድሮ ለሚሸነፈው እንሰጠዋለን!»

ይሏችኋል ይህ ነው! የማጽናኛ ወንበር መሆኑ ነው። ተሸናፊው እንዳያኮርፍ፣ ደጋፊዎቹን ይዞ እንዳይወጣ፣ ማኅተምና መዝገብ ይሰጠውና ይጽናና። እኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ። ለተቆጣ ሰው ከምንም በላይ የማይሰጠው ነገር ቢኖር ማኅተም ነው።

ጽሕፈት በአገራችን እንደ ተራ ሥራ ተቆጥሮ አያውቅም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት ንጉሡ የተናገረውን በወረቀት የሚያሰፍር፣ ማኅተሙን የሚጠብቅ፣ «ትእዛዙ ወጥቷል» ወይም «ገና አልወጣም» የሚል ሰው ማለት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ይህን ሹመት ይዘው ቆዩ። በስም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ፤ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነበሩ። ነገር ግን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ የሚጠናው የማንን ነበር? የጸሐፌ ትእዛዝን ነው። ከንጉሡ ቀጥሎ ያለው ሥልጣን የተቀመጠው በተዋቡት ወንበሮች ላይ ሳይሆን በብዕሩ ጫፍ ላይ ነበር። ንጉሡም ይህን አላጡትም፤ በሚያዝያ 1947 አነሷቸውና ወደ አሩሲ ጠቅላይ ገዢነት ሰደዷቸው። ሹመት ተብሎ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ዋና ጸሐፊ» የሚለው ቃል ለኛ ትውልድ ጆሮ ሲደርስ የሚያመጣው ምስል አለ። ከሞስኮ ነው የመጣው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1922 የሩሲያ ኮሚኒስት ፓርቲ ዮሲፍ ስታሊንን ዋና ጸሐፊ አድርጎ ሾመ። ብዙ ሰው የሚመስለው ያን ዕለት ስታሊን ዘውድ የጫነ ነው። በፍጹም! ያን ዕለት ማንም አልደነገጠም። ትሮትስኪ የቀይ ጦር አዛዥ ነበር፤ ፈረስና ባቡር፣ መድፍና ሰልፍ የሱ ነበር። ዚኖቪየቭ የኮሚንተርን መሪና የፔትሮግራድ ጌታ ነበር። ቡኻሪን «ፕራቭዳ» ጋዜጣን ይዞ ነበር። ሁሉም የየራሱን ማይክራፎን ይዟል። የቀረው የቢሮ ሥራ ነበር፤ ማን የት ይመደብ፣ የትኛው ጠቅላይ ግዛት ጸሐፊ ጎደለው፣ የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ምን ይሁን፣ ቃለ ጉባኤው ለማን ይላክ። ይህን ማን ይሥራው? ስታሊን ይሥራው! ቅጽል ስምም አወጡለት፤ «ጓድ ካርቶቴኮቭ» አሉት። በኛ አነጋገር «ጓድ የካርድ ሳጥን» እንደማለት ነው። ተሳለቁበት እንግዲህ።

በዚያው ሰሞን በ11ኛው ጉባኤ ላይ ፕሬኦብራዠንስኪ የሚባል ጓድ ተነሥቶ፣ ስታሊን በፖሊት ቢሮው አለ፣ በድርጅት ቢሮው አለ፣ ሁለት የመንግሥት ኮሚሳሪያቶችም ይዟል፣ አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል? ብሎ ጠይቆ ነበር። መልስ የሰጠው ማን መሰላችሁ? ራሱ ሌኒን ነው፤ ለስታሊን ተከራከረለት። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ሌኒን አልጋ ላይ ሆኖ ሐሳቡን ቀየረ። በታኅሣሥ 1922 ለጉባኤ ይነበብ ብሎ ባጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ ሰው ዋና ጸሐፊ ከሆነ ወዲህ ልክ የሌለው ሥልጣን በእጁ አከማችቷል፣ በጥንቃቄ ስለመጠቀሙ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። በጥር 1923 ደግሞ ጨመረበት፤ ባለጌ ነው፣ ከቦታው የምታነሱበትን መንገድ ፈልጉ አለ። በጥር 1924 ሞተ።

ደብዳቤውስ? በግንቦት 1924 በ13ኛው ጉባኤ ሰሞን በተዘጋ በር ለየልዑካን ቡድኑ ተነበበ፤ በጉባኤው አደባባይ ክርክር አልተደረገበትም። ለስታሊን ቆመው ከቦታው እንዳይነሣ ያደረጉት ዚኖቪየቭና ካሜኔቭ ናቸው። ትሮትስኪን ይፈሩ ነበርና። ፈረሰኛውን ሲፈሩ ጸሐፊውን ረሱት።

ከዓመት ተኩል በኋላ ነቁ። በታኅሣሥ 1925 በ14ኛው ጉባኤ ላይ ካሜኔቭ ተነሥቶ፣ ጓድ ስታሊን ፓርቲውን አንድ አድርጎ ለመምራት የሚችል አይደለም ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ድምፅ ሲሰጥ 559 ለ65! ስልሳ አምስቱ የዚኖቪየቭ የሌኒንግራድ ሰዎች ናቸው። ሌላው አገር በሙሉ የት ሄደ?

ወገኖቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የኔ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺ አትረሳ። ልዑካኑን ወደ ጉባኤ የሚልከው ማነው? የጠቅላይ ግዛቱ ፓርቲ ነው። የጠቅላይ ግዛቱን ፓርቲ የሚመራው ማነው? የጠቅላይ ግዛቱ ጸሐፊ ነው። እሱን የመደበው ማነው? የማዕከላዊ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱን የሚመራው? ዋና ጸሐፊው! ዋና ጸሐፊውን የሚመርጠውን ማዕከላዊ ኮሚቴ ደግሞ የሚመርጠው ማነው? ጉባኤው! ቀለበቱ ተዘጋ። እኔ እሾምሃለሁ፣ አንተ ትወክላለህ፣ የወከልካቸው እኔን ይመርጣሉ። ዚኖቪየቭና ካሜኔቭ ጥሩ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ የተሸነፉት ከጉባኤው ሦስት ዓመት በፊት፣ በካርድ ሳጥኑ ዘንድ ነው። ሁለቱም በነሐሴ 1936 ተረሸኑ። ትሮትስኪ ከፓርቲ ተባረረ፣ ከአገር ተባረረ፣ በነሐሴ 1940 ሜክሲኮ ድረስ ተከትለው ገደሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ስታሊን የመንግሥት መሪነትን ይፋ ሹመት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እስከዚያ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል በፓርቲ ጸሐፊነት ብቻ አገሩን ገዛ። ከሱ በኋላ የመጡትም በዚያው በር ነው የገቡት፤ ክሩሽቼቭ በ1953 «አንደኛ ጸሐፊ» ተባለ፣ ብሬዥኔቭ በ1966 «ዋና ጸሐፊ» የሚለውን ስም መለሰው፣ ጎርባቾቭ በመጋቢት 1985 ተረከበውና በነሐሴ 1991 ለቀቀው።

«የስታሊን ክፋት ነው እንጂ የወንበሩ ጥፋት አይደለም» የሚሉኝ ምሁራን አሉ። ክፋቱን ማን ካደ? ነገር ግን ክፉ ሰው በየቦታው አለ፤ በየቀበሌው አለ። ክፉ ሰው ቁጥጥር የሌለበት መዝገብ ሲያገኝ ነው አገር የሚፈርሰው። ደግሞም ወንበሩ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ቻይናን ተመልከቱ። ሁ ያኦባንግም ዣኦ ዚያንግም የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ተብለው ነበር። ነገር ግን ከበላያቸው ሽማግሌው ዴንግ ሲያኦፒንግ ስለነበር የመጀመሪያው በ1987፣ ሁለተኛው በ1989 ከወንበራቸው ወረዱ። ካርዱ በእጃቸው አልነበረማ።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

ደርግ ውስጥ ምን ሆነ? በ1969 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የደርግ አባላት መዋቅራቸውን ለማሻሻል ሞከሩ። ሐሳቡ የሻለቃ መንግሥቱን ሥልጣን ለመግራት ነበር። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀመንበር፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ መንግሥቱ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ገሸሽ ተደረገ። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነገር ነበር። ስንት ቀን ቆየ? ጥር 26 ቀን 1969 ተፈሪ በንቲም፣ ዓለማየሁ ኃይሌም፣ ሞገስ ወልደሚካኤልም፣ ሌሎችም ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። የዋና ጸሐፊነቱን ቦታ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ያዙት። እዚህ ላይ ጠመንጃው ከብዕሩ ቀደመ። የኔ ትምህርት በጠመንጃ ፊት እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም።

ከዚያ ኢሠፓ ሲመሠረት መንግሥቱ ኃይለማርያም «የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ» ተባሉ። ሊቀመንበርነቱን ለቀቁ? የለም! የደርግ ሊቀመንበርም፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም ናቸው። በ1980 ደግሞ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንት ተጨመረ። ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሱታላችሁ፤ ራዲዮኑ ማዕረጋቸውን ተናግሮ እስኪጨርስ የቡናው ረከቦት ይነሣ ነበር።

እንግዲህ ይህን ከሞስኮው ጋር አስተያዩት። ስታሊን ወደ ሥልጣን የወጣው በጸሐፊነት መሰላል ነው። መንግሥቱ ግን ከላይ ሆነው መሰላሉን ወደ ላይ ሳቡት። ፓርቲው የተሠራው አንድ ሰው አስቀድሞ የያዘውን ሥልጣን ቀይ ጨርቅ ለማልበስ ነበር። ለዚህም ነው ሰውየው ሲነሡ ፓርቲው አብሮ የተነሣው። በ1982 ስሙ ተቀይሮ «የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ» ተባለ፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዋና ጸሐፊው በአውሮፕላን ሄዱ። የፕሬዚዳንትነቱን ቦታ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ለአንድ ሳምንት ያህል ያዙት። ያ ሁሉ አባል፣ ያ ሁሉ የቀበሌ መሠረታዊ ድርጅት፣ ያ ሁሉ የመታወቂያ ደብተር… አንድ ሰው ሲወጣ እንደ ጤዛ ረገፈ።

«እኛ ኢሠፓ አይደለንም፤ እኛ ተቃዋሚዎች ነን፤ የምን ማስፈራራት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ስለ ተቃዋሚዎች እናውራ። ስለዚህኛው ማውራት የበለጠ ያመኛል።

በ1997ቱ ምርጫ ሕዝቡ ምን ያህል ተስፋ እንደነበረው አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ነበራችሁበት። በ1998 መጀመሪያ የቅንጅት አመራር ታሰረ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልነበሩም የታሰሩት፤ ዋና ጸሐፊው ሙሉነህ ኢዮኤልም አብረው ገቡ። በሐምሌ 1999 ተፈቱ። በመካከሉ ፓርቲው እንደ ድርጅት ራሱን ችሎ መቆም አልቻለም። ሲወጡ የጠበቃቸው ክፍፍል ነው። በጥር 2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ። ሕዝብ በድምፁ የሞላው ስም በደብዳቤ ተላለፈ! በዚያው የምርጫ ማግስት ኦብኮም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶት ስሙ ለሌላ ቡድን ተሰጠ፤ ዶክተር መረራ ጉዲና በሌላ ስም እንደ አዲስ ለመደራጀት ተገደዱ። በጥር 2007 ደግሞ፣ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው፣ ቦርዱ የአንድነትን ፓርቲ ስም ለአቶ ትዕግሥቱ አወሉ ቡድን፣ የመኢአድን ለአቶ አበባው መሐሪ ቡድን አደረገው።

በቦርዱ የፈረደ ይፍረድበት፤ እኔም የራሴ ፍርድ አለኝ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ቦርድ ለማን ይሠራ እንደነበር ሕፃን ያውቀዋል። ነገር ግን ውሳኔዎቹ የቆሙባቸውን ሰበቦች ተመልከቱ። ጉባኤው በደንቡ መሠረት ተጠርቷል ወይ? ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል ወይ? ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመው ማነው? የጉባኤው አባላት ዝርዝር የቱ ነው ትክክለኛው? እነዚህ ሁሉ የማን ሥራ ናቸው? የሊቀመንበሩ ናቸው? አይደሉም። የዋና ጸሐፊው ናቸው! ጠላት ሰበብ ሲፈልግ የሚገባው በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። ሌባ በር ላይ ዘበኛ እንዳለ ያውቃል።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ጠየቀ። አባላቱ በስማቸው፣ በአድራሻቸው፣ በፊርማቸው እንዲቀርቡ ነው። «አባላችን በሚሊዮን ይቆጠራል» ይሉ የነበሩ ፓርቲዎች አሥር ሺህ ፊርማ ለማሟላት ሲያልባቸው አይተናል። መሥፈርቱን ሳያሟሉ ቀርተው የተሰረዙም ነበሩ። ሊቀመንበሮቻቸው ቴሌቪዥን ላይ አንበሳ ነበሩ፤ የአባላት መዝገባቸው ግን የልጆች ደብተር ነው፣ ግማሹ ስልክ ቁጥር ግማሹ ሥዕል።

ሌላ አገርስ እንዴት ያደርጉታል? እንግሊዞቹ በሌበር ፓርቲ ውስጥ መሪው ሌላ፣ ዋና ጸሐፊው ሌላ ነው። ዋና ጸሐፊው ደመወዝተኛ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን፣ ሠራተኛውን፣ ገንዘቡን ያስተዳድራል። መሪው ምክር ቤት ውስጥ ይከራከራል። በጥንቱ ዘመን ራምዚ ማክዶናልድ ከጸሐፊነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1924 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ አሁን ያ መንገድ እምብዛም አይታይም። ለኛ ግን ይህ ብዙ አይጠቅመንም፤ ደመወዝ ከየት አምጥተን!

ለኛ የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካ ነው። ኤ.ኤን.ሲ. ገና በትግል ላይ ሳለ የዋና ጸሐፊ ሥራ ምን እንደሆነ የገባው ድርጅት ነበር። ዋልተር ሲሱሉ በ1949 ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ ማንዴላ ፊት ለፊት ሲታይ ሲሱሉ ከኋላ ድርጅቱን ይሠራው ነበር። መንግሥት ሲሱሉን ከድርጅት ሥራ ሲያግደው ኦሊቨር ታምቦ ተተካ። ቦታው ባዶ አልዋለም። በ1991 ደግሞ ከማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊነት የመጣውን ሲሪል ራማፎሳን ሾሙ፤ ድርድሩን የመራው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ የዚያው ድርጅት ሌላ ገጽ። በታኅሣሥ 2017 ኤስ ማጋሹሌ የሚባል ሰው በ24 ድምፅ ብልጫ ብቻ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ሊቀመንበሩ፣ በነሱ አጠራር ፕሬዚዳንቱ፣ ራማፎሳ ነው። ሁለቱ የተቃራኒ ጎራ ሰዎች ናቸው። አያችሁ? ልክ እንደ እናንተ፤ «አንዱን ለነሱ አንዱን ለኛ» ዓይነት ነገር ሆነ። በ2020 መጨረሻ ማጋሹሌ የክፍለ አገር መሪ በነበረበት ጊዜ ከተሰጠ የ255 ሚሊዮን ራንድ የአስቤስቶስ ውል ጋር በተያያዘ በሙስና ተከሰሰ። የፓርቲው ጉባኤ ደግሞ ክስ የተመሠረተበት ባለሥልጣን ገለል ይበል የሚል ውሳኔ አስተላልፎ ነበር። ሠላሳ ቀን ሰጡት፣ እምቢ አለ። በግንቦት 2021 መጀመሪያ ላይ የእግድ ደብዳቤ ደረሰው። የፈረመችው ማናት? ምክትል ዋና ጸሐፊዋ ጄሲ ዱዋርቴ! ሰውየውስ ምን አደረገ? በዋና ጸሐፊነቴ ብሎ ብዕሩን አነሣና ፕሬዚዳንቱን ራማፎሳን የሚያግድ ደብዳቤ ጻፈ! የታገደው አጋጁን አገደው።

በኛ አገር ቢሆን ምን ይከተል ነበር? ሁለት ማኅተም፣ ሁለት መግለጫ፣ ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ፌስቡክ… ከዚያም ቦርዱ ዘንድ ሄዶ «እኔ ነኝ እውነተኛው» መባባል። እዚያስ? የፓርቲው አመራር ተሰብስቦ ደብዳቤህ ዋጋ የለውም፣ ይቅርታ ጠይቅ አለው። ፍርድ ቤት ሄደ፤ በሐምሌ 2021 ተረታ። በ2023 ከፓርቲው ተባረረና የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። ኤ.ኤን.ሲ. ብዙ ጉድ ያለበት ፓርቲ ነው፤ ለማሞገስ አይደለም ያመጣሁት። ግን ያን ዕለት ፓርቲውን ያዳነው የፕሬዚዳንቱ ዝና ሳይሆን፣ ከዋና ጸሐፊው ሌላ ለመፈረም በደንብ ሥልጣን ያላት ምክትል መኖሯ ነው። ምክትሏ የዋና ጸሐፊው አሽከር ብትሆን ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር።

እስቲ አሁን ወደ ረቂቅ ደንባችሁ። ትናንት ማታ በሻማ አነበብኩት፤ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሊቀመንበሩን በሚመለከት አሥራ አንድ ንኡስ አንቀጽ አለ። ዋና ጸሐፊውን በሚመለከት ሦስት! ሦስቱም ደግሞ ነገር ያዘሉ ናቸው።

የመጀመሪያው «ዋና ጸሐፊው የፓርቲውን ማኅተምና መዝገብ ይይዛል» ይላል። እሺ፣ ይያዝ። የት ይያዝ? ኪሱ ውስጥ? ቤቱ አልጋ ሥር? ሰው ሲታሰር ኪሱ ይፈተሻል፤ ቤቱ ይፈተሻል። የአባላት መዝገብና ቃለ ጉባኤ ግልባጩ ቢያንስ ሦስት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ምክትሉ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ በሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በኦዲትና ቁጥጥር ኮሚቴ እጅ። ወጪና ገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይኑረው። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የማንም ደብዳቤ ነው። የአባላትን ስም በሦስት ቦታ ማስቀመጥ አባላቱን ለአደጋ አያጋልጥም ወይ? ብሎ አንድ ወንድም ጠዋት ጠይቆኛል። ያጋልጣል። ይህን አላቃልልም። ስለዚህ ስሙን ከአድራሻው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ማዛመጃውን ሌላ ሰው ይያዝ። ይህ የቆየ የመዝገብ ቤት ጥበብ ነው።

ሁለተኛው «ዋና ጸሐፊው ከሊቀመንበሩና ከሒሳብ ሹሙ ጋር የባንክ ፈራሚ ይሆናል» ይላል። አታድርጉት። ማኅተም የያዘ እጅ ቼክ አይያዝ። ወጪውን የሚያጸድቀውና ሰነዱን የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ከሆነ፣ የሚጠፋው ሰነድ የትኛው እንደሚሆን ልንገራችሁ ወይ? የሒሳብ ነገር እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ መሐላችሁ አለ።

ምክትል ዋና ጸሐፊን በተመለከተ ረቂቁ ቃልም አይተነፍስም። ይጨመር። በዋና ጸሐፊው የሚሾም አይሁን፤ እንደሱው በጉባኤው ይመረጥ፤ ዋና ጸሐፊው በታሰረ፣ በታመመ ወይም በታገደ ሰዓት ያለማንም ፈቃድ የመፈረም ሥልጣን በጽሑፍ ይኑረው። ሴት ብትሆን ደግሞ ደስ ይለኛል፤ መዝገብ ቤት ውስጥ አብረውኝ ከሠሩት ሁሉ ፋይል የማይጠፋባቸው ሴቶቹ ነበሩ። (ሳቅ) አትሣቁ፣ የምሬን ነው።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። እስካሁን የቆየሁት ለሱ ስል ነው። ንኡስ አንቀጽ 3፦ «ዋና ጸሐፊው የዞንና የወረዳ ተጠሪዎችን ይመድባል፣ ያዛውራል፣ ያነሣል።» ንኡስ አንቀጹን ከጉባኤው አንቀጽ ጋር አገናኝታችሁ አንብቡት፤ የጉባኤውን ተወካዮች የሚያስመርጡት የዞን ተጠሪዎች ናቸው ይላል። እናንተ ማለት ነው! የሞስኮው ቀለበት ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ እጃችሁ ላይ ተቀምጧል። ያረቀቀው ሰው ክፉ ነው አላልኩም። ምናልባት ከሌላ ደንብ ቀድቶት ይሆናል፤ እኛ አገር ደንብ አይረቀቅም፣ ይገለበጣል። ዛሬ በዋና ጸሐፊነት የምታስቡትም ሰው የተከበረ ሰው ነው፤ አውቀዋለሁ። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አላውቀውም፤ እናንተም አታውቁትም።

ዞናችሁ የራሱን ተጠሪ ይምረጥ። ዋና ጸሐፊው የሥራ ጉድለት ካየ ለሥራ አስፈጻሚው ያመልክት፤ ማንሣቱን የዞኑ አባላት ይወስኑ። የጉባኤ ተወካዮች ዝርዝር ደግሞ ከጉባኤው ሠላሳ ቀን አስቀድሞ ለሁሉም ዞን በጽሑፍ ይላክ፤ ማን እንደሚመጣ ሁላችሁም እኩል እወቁ። ይህ ሥራውን ያንዛዛዋል፣ አውቃለሁ። «አስቸኳይ ጊዜ ነው፣ ማዕከሉ ቶሎ መወሰን አለበት» የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ለሱም መልስ አዘጋጁ። በ1922ም የርስ በርስ ጦርነቱ ገና ማብቃቱ፣ ረሃቡም ገና አለመውጣቱ ነበር፤ አስቸኳይ ነበር።

አጀንዳውን አይቻለሁ፤ ደንቡ የሚታየው ከምሳ በኋላ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠውም ዛሬውኑ ነው። ንኡስ አንቀጽ 3ን ዛሬ ካልሰረዛችኋት፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ትሰረዝ ወይስ አትሰረዝ ብለው እጅ የሚያወጡት በሷ የተመደቡ ሰዎች ናቸው። ከናንተም ውስጥ ስንቶቻችሁ በቦታችሁ እንደምትገኙ እንጃ።

ገጽ 9 ላይ ናት፤ ከታች ሁለተኛው መስመር። እስክሪብቶ የሌለው ከኔ ይውሰድ። ጥያቄ ያለው ደግሞ ይጠይቀኝ።